የግድግዳው ሥዕልና የአዝማሪው ቃል
ኮሚክስና ሂፕ ሆፕ የተገናኙበትን መንገድ ከጎንደር ሆኖ ለመመልከት

ሥዕልና ቃል የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ይባላል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም፣ የአንድ ቤት ልጆች ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድጉም። በአንዳንድ ኅብረተሰብ ዘንድ ሥዕሉና ግጥሙ በአንድ መንደር፣ በአንድ ጎዳና ላይ እየተፎካከሩ ያድጋሉ። በሌላው ዘንድ ደግሞ አንደኛው በቤተ መቅደስ፣ ሌላኛው በጠጅ ቤት ያድግና በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይተዋወቁ ዘመን ይቆጥራሉ። የዚህን ልዩነት ምክንያት መመርመር የኪነ ጥበብን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰቡንም አወቃቀር መመርመር ነው።

ይህ ጽሑፍ ለምርመራው መነሻ ያደረገው በዘመናችን የዓለምን ወጣት ቀልብ የያዙ ሁለት ጥበቦችን ነው። አንደኛው ኮሚክስ የሚባለው፣ በተከታታይ ሥዕሎች ታሪክን የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ሂፕ ሆፕ የሚባለው የከተማ ወጣቶች ባህል ነው። ሁለቱ በአሜሪካ ምድር እንዴት እንደ ተገናኙ ካየን በኋላ ፊታችንን ወደ ጎንደር ከተማና ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ አገር እንመልሳለን። በዚያ በተከታታይ ሥዕል መተረክና በቃል ግጥም መፎካከር ለብዙ ዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋልና። ዓላማችን «ይህ ሁሉ ቀድሞ ከእኛ ዘንድ ነበር» ብሎ መመካት አይደለም። መመሳሰል ዝምድናን አያረጋግጥም። ዓላማችን ሁለት ጥበቦች የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን ምክንያት ተረድቶ፣ ለዛሬው ወጣት ከያኒ የሚበጅ ትምህርት መቅሰም ነው።

የብሮንክስ ጎዳና

ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባልበት ዕለት ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በዚያ ምሽት በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ክፍል፣ በሴጅዊክ ጎዳና በቁጥር 1520 የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ ትውልዱ ከጃማይካ የሆነ ክላይቭ ካምቤል የተባለ ወጣት እኅቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሸክላ አጫወተ። ይህ ወጣት በኋላ ዲጄ ኩል ኸርክ በሚል ስም የታወቀው ነው። የእርሱ ዘዴ ተጨፋሪው እጅግ የሚወደውን የዘፈኑን የከበሮ ክፍል ለይቶ፣ በሁለት የሸክላ ማጫወቻ እያመላለሰ ማስረዘም ነበር። በተራዘመው ምት ላይ ጨፋሪው በመሬት እየተሽከረከረ ጨፈረ፤ ማይክሮፎን የያዘው ደግሞ ቤት እየመታ ተናገረ። በግድግዳና በምድር ውስጥ ባቡር ላይ የሚጻፈው ግራፊቲ ሲታከልበት፣ ሸክላ አጫዋቹ፣ ባለ ቃሉ፣ ጨፋሪውና የግድግዳ ጸሐፊው የአንድ ባህል አራት ምሰሶዎች ሆኑ።

ይህ የሆነበትን ቦታ ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ብሮንክስ በመካከሉ አውራ ጎዳና ተቆርጦበት መንደሩ የፈረሰ፣ ፋብሪካው ጥሎት የሄደ፣ ቤቶቹ በየጊዜው በእሳት የሚጋዩበት፣ ወጣቱ ሥራ ያጣበት ሰፈር ነበር። ማሲንቆም ሆነ ፒያኖ መግዣ የሌለው ወጣት የሌላውን ሸክላ የሙዚቃ መሣሪያ አደረገው። ሸራና ቀለም ቤት የሌለው ሠዓሊም የከተማውን ባቡር ሸራ አደረገው።

ኮሚክስ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሱፐርማን የተባለውን ገጸ ባሕርይ ለሕዝብ ያቀረቡት የአይሁድ ስደተኞች ልጆች የሆኑት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ነበሩ። መጽሐፉ በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ቀን ቀን ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ዓይን አፋር ሠራተኛ፣ ልብሱን ሲለውጥ ጥይት የማይበሳው ጀግና ይሆናል። ይህ ድኻው ልጅ በሌሊት የሚያልመው ሕልም ነው። ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ የተከበሩ ሰዎች ይንቁት እንደ ነበር የሚያስረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚክስ ወጣቱን ያበላሻል በሚል ክስ ላይ ምርመራ መክፈቱ ነው። ከዚያ በኋላ አሳታሚዎቹ ራሳቸውን በራሳቸው የሚቆጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ።

እንግዲህ ሁለቱ የተናቁ ጥበቦች በሦስት በር ተገናኙ። የመጀመሪያው በር ግድግዳው ነው። የግራፊቲ ጸሐፊዎች ወፍራሙንና ጥላ ያለውን ፊደል ከኮሚክስ ሽፋን ቀዱ። እ.ኤ.አ. በ1975 የሞተው ሠዓሊ ቮን ቦዴ የፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት ከመጽሐፍ ወጥተው በኒው ዮርክ ባቡሮች ጎን ላይ ከሰፈር ሰፈር ተጓዙ። ሁለተኛው በር ቃሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውና ራፕን ለሰፊው ዓለም ያሰማው የሹገርሂል ጋንግ ሸክላ «ራፐርስ ዲላይት» ውስጥ፣ አንደኛው ባለ ቃል ሱፐርማንን ባላንጣው አድርጎ ይፎካከርበታል። ሦስተኛው በር ስሙ ነው። ጎስትፌስ ኪላ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያ አልበሙን «አይረንማን» ብሎ ሰየመው። ኤም ኤፍ ዱም የተባለው ባለ ቃል ደግሞ ዶክተር ዱም ከተባለው የማርቨል ክፉ ገጸ ባሕርይ ስሙንም ጭምብሉንም ወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ፊቱን በብረት ጭምብል ሸፍኖ ለሕዝብ ታየ።

ኋላ ውለታው ተመለሰ። ኤድ ፒስኮር የተባለው ሠዓሊ የሂፕ ሆፕን ታሪክ በተከታታይ ሥዕል ነግሮ፣ የመጀመሪያውን ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2015 ማርቨል ራሱ የታወቁ የራፕ አልበሞችን ሽፋን የሚመስሉ ልዩ ሽፋኖችን ለመጽሐፎቹ አሠራ። የተናቀው ልጅ ሌላውን የተናቀ ልጅ አስከበረ ማለት ነው። ሁለቱ ፈጥነው የተገናኙትም በአንድ ጎዳና ላይ ስለ ነበሩ ነው። ግድግዳ ላይ የሚስለው፣ ማይክሮፎን የሚይዘውና አሥር ሳንቲሟን ይዞ ወደ ጋዜጣ ሻጩ የሚሮጠው አንድ ልጅ ነበርና።

«ዘከመ»፦ የጎንደር የሥዕል ንባብ

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉበት ጊዜ አንሥቶ ከተማይቱ የነገሥታት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የሠዓልያንም መናኸሪያ ነበረች። የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች የዘመኑን ሥዕል በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ደማቅና ጥላ አልባ ቀለም፣ ጉልህ መስመር ያለው ነው። ሁለተኛው፣ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የተስፋፋው፣ የፊትን ቅርጽ በጥላ የሚያጎላ፣ በልብሱ ጥለትና በቀለሙ ድርብርብነት የሚታወቅ ነው።

ጎንደሬው ሠዓሊ ከዓለም ተነጥሎ የሠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1591 በሮም ከተማ በዓረብኛ የታተመውና አንቶኒዮ ቴምፔስታ ሥዕሎች ያሉበት ወንጌል ኢትዮጵያ ደርሶ፣ ሠዓሊዎቹ ከእርሱ ብዙ ሥዕሎችን ቀድተዋል። ነገር ግን ቀድተው አልተዉትም። የሮማውን ወታደር የሀገሬውን ልብስ አለበሱት፤ ጥቁሩን የእንጨት ላይ ቅርጽ በቀይና በቢጫ አጥለቀለቁት። ብሮንክሱ ወጣት በሌላው ሸክላ ላይ ያደረገውን ጎንደሬው በሌላው መጽሐፍ ላይ አድርጎታል ብንል ማጋነን አይሆንም። ከውጭ የመጣ ነገር የራስ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ሥራ ነውና።

የዚህ ሥዕል ዋና ጠባይ ግን ተከታታይነቱ ነው። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን መካከል መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል፤ የውጭ ግድግዳዎቹም ከላይ እስከ ታች በመደዳ በተከፋፈሉ ሥዕሎች ይሸፈናሉ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የሚገኘው ናርጋ ሥላሴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተመልካቹ መቅደሱን እየዞረ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ይሸጋገራል። መጽሐፍ አንባቢው ገጹን ሲገልጥ፣ እዚህ የሚንቀሳቀሰው አንባቢው ራሱ ነው። ከእያንዳንዱ ትዕይንት አጠገብ አጭር የግዕዝ ጽሑፍ አለ። ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ የሚጀምረው «ዘከመ» በሚለው ቃል ነው፤ «እንዲህ እንዳደረገ» እንደ ማለት ነው። «ዘከመ» ለዓይን መንገድ የሚያሳይ፣ አንዱን ሥዕል ከሌላው ጋር በታሪክ ሰንሰለት የሚያያይዝ ቃል ነው። በዛሬው ኮሚክስ ከሥዕሉ ራስጌ በሣጥን ውስጥ የሚጻፈው የተራኪው ቃል ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

የሠዓሊው ሕግጋትም ለንባብ የተሠሩ ናቸው። ጻድቁ ሙሉ ፊቱ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ይሣላል፤ ኃጥኡ፣ ከሐዲውና ጋኔኑ በጎን አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ ይሣላል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንኳ ከበሩ እንደ ገባ ወዳጁንና ጠላቱን ይለያል። የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንመልከት። 78 ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውኃ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውኃ ታድነዋለች። ገዳዩ፣ ለማኙ፣ ውኃው፣ ሚዛኑ በየተራ ሲሣሉ፣ ታሪኩ ያለ አንድ ቃል እንኳ ይነበባል። ክፉው ጀግና የሚታደግበትን ይህን ዓይነት ታሪክ የኮሚክስ ደራሲያን ብዙ ዘመን ቆይተው ደርሰውበታል።

ከግድግዳው ሌላ ሰው በአንገቱ ወይም በቤቱ የሚያኖረው የክታብ ጥቅልል አለ። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅና ሥዕል፣ ጸሎት፣ እንደገና ሥዕል እየሆነ ወደ ታች ይወርዳል። በፈረስ ተቀምጦ ውርዝልያን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ሱስንዮስ በዚህ ጥቅልል ላይ በብዛት ይታያል። ከግድግዳው ጋር ሲነጻጸር ጥቅልሉ የግል ነው፤ ባለቤቱ በሄደበት ይሄዳል። የድኻው ሰው የሥዕል መጽሐፍ ይኸው ነበር።

የአዝማሪው ቃል

ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነበር። አዝማሪ ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ አውታር፣ ቆዳ በለበሰ የእንጨት ገበቴና በደጋን ብቻ ሠርጉንም፣ ለቅሶውንም፣ ጦር ሜዳውንም ያዳርሳል። ስሙ «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የወጣ ሆኖ ሳለ፣ በአማርኛ መሳደቢያ እስከ መሆን ደርሷል። በጎንደር አቅራቢያ እንደ ቡርቧክስ ያሉ መንደሮች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ጃፓናዊው አጥኚ ኢትሱሺ ካዋሴ በዘመናችን የጎንደርን ሕፃናት አዝማሪዎችና በንጋት በየደጁ እየዞሩ የሚመርቁትን ላሊበሎች በፊልም ቀርጿቸዋል።

የአዝማሪው ጥበብ በሦስት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛው በቦታው መግጠሙ ነው። ከተመልካቹ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ከራሱም ጨምሮ ወይ ያወድሳል ወይ ይሸነቁጣል። ስለዚህ ግጥሙ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ ቤቱ በሙሉ ይገጥመዋል። ሁለተኛው የራሱ ምሥጢራዊ ቋንቋ ያለው መሆኑ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ የኅቡእ ቋንቋዎች ባሳተመው ጥናት የነጋዴውንና የአዝማሪውን ቋንቋ አካትቷል። አዝማሪዎች በሰው ፊት እየተነጋገሩ ሰው እንዳይሰማቸው ያደርጋሉ። ሦስተኛው ሰምና ወርቁ ነው። ለማስረጃ ያህል ይህን ለዚሁ ጽሑፍ የገጠምነውን ስንኝ እንመልከት፦

ጠላት ከደጅ ቆሞ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ስስል ነው ያደርኩት ቁጭ ብዬ ካልጋ።

ሰሙ በጉንፋን ሲስል ያደረ ሕመምተኛ ነው። ወርቁ ግን ጎራዴውን ሲስል ያደረ አርበኛ ነው። ጆሮውን ላቀና ሰው ሦስተኛም አለው፤ ብሩሽ ይዞ ሲሥል ያደረ ሠዓሊ። ማሳል፣ መሳልና መሣል በአማርኛ ጆሮ አንድ መሆናቸው ዕድል ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሆኖም አዝማሪ የሚኖረው በዚህ ዓይነት ዕድል ነው። ባለ ሥልጣኑ ከቆጣ «ስለ ጉንፋኔ ነው» ይለዋል። ጭቁኑ ሕዝብ በግልጽ መናገር በማይችልበት ዘመን ቃሉ በአንድ እጁ ጋሻ፣ በአንድ እጁ ጦር ይዞ ይወጣ ነበር።

ፉከራውና ቀረርቶው ከዚህ ጋር አብረው ይጓዛሉ። ፎካሪው አባቱን ይጠራል፣ የገደለውን ይቆጥራል፣ ባላንጣውን ያሳንሳል፤ ሕዝቡም ያጅበዋል። የራፕ ተፎካካሪዎችን ፍልሚያ የተመለከተ ጎንደሬ ሥርዓቱን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ትከሻው በእስክስታ የሰለጠነ ወጣትም የብሮንክሱን ጨፋሪ ሲያይ ሰውነት እንደ ከበሮ ሊናገር እንደሚችል ቀድሞ ያውቀዋል።

የፈረስ ስምና የጎዳና ስም

ኮሚክስና ሂፕ ሆፕ በስም በር እንደ ተገናኙ ተመልክተናል። በእኛም ታሪክ ስም ሁለተኛ ሰውነት ነበር። ጦረኛው ከክርስትናና ከዓለም ስሙ ሌላ የፈረስ ስም ነበረው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። የቋራው ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን አገር በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ ተባሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ባላንጣቸው ደጃዝማች ውቤ ራሳቸው ሊነግሡበት ነበር። ውቤ ባሠሩት ቤት፣ በሥዕል በተጌጠ ግድግዳ መካከል፣ ሽፍታ የነበረው ሰው በትንቢት የተነገረለትን ስም ለብሶ ወጣ። ስም መለወጥ በዚያ ዕለት ዕጣ መለወጥ ነበር።

ነገር ግን በስም ጉዳይ ትልቅ ልዩነት አለ። የግራፊቲ ጸሐፊው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጽፈው ስሙን ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1971 አንድ ታላቅ የኒው ዮርክ ጋዜጣ «ታኪ 183» ብሎ በየግድግዳው ስለሚፈርም ወጣት ሲጽፍ፣ የወጣቱ ጥበብ ከፊርማው ሌላ ነገር አልነበረውም። «አለሁ» ማለቱ ነበር። በጎንደር ግን ሠዓሊው ስሙን አይጽፍም። በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የምትታየው አሠሪዋ እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ የሣላት እጅ የማን እንደሆነ ሥዕሉ አይናገርም። ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም። ቀለሙንም፣ ሸማውንም፣ ግድግዳውንም የሚሰጠው ባለ ጉልቱ በመሆኑ፣ ስሙም የእርሱ ሆነ።

ሁለቱ ለምን ተለያዩ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ተከታታይ ሥዕልና የፉክክር ግጥም በአንድ ከተማ እያሉ እንደ ብሮንክሶቹ ለምን አልተዋሐዱም?

መልሱ የቦታና የሥልጣን ነው። ሥዕሉ በቅጥር ውስጥ፣ በቤተ ክህነትና በመኳንንቱ ጥበቃ ሥር ነበር። አዝማሪው ከቅጥር ውጭ፣ በገበያና በጠጅ ቤት ነበር። ሥዕሉ የዘላለሙን ሲተርክ፣ አዝማሪው የዛሬውን ይተርክ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ደብተራው ነው። ደብተራ ቅኔ ይቀኛል፣ ክታብ ይጽፋል፣ ብዙ ጊዜም ይሥላል። በግዕዝ የተጻፈውን «ዘከመ» ለሕዝቡ በአማርኛ እየተረጎመ የሚያስረዳው እርሱና መሰሎቹ ካህናት ናቸው። ሥዕሉ ድምፅ የሚያገኘው በእነርሱ አንደበት ነበር። ሆኖም ደብተራው በቅኔው ቢራቀቅም ከአዝማሪ ጋር መቆጠርን አይወድም። በመካከላቸው የቆመው የጥበብ ሳይሆን የማዕረግ ግንብ ነበር።

ግንቡ በከፊል የተሸረሸረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ ነው። እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍለው፣ ከየሥዕሉ ጋር የአማርኛ ማብራሪያ እያኖሩ በሸራ ላይ ሣሉ፤ ለገበያም አቀረቡ። ሥዕሉ ከግድግዳው ወረደ፣ ከግዕዝ ወደ አማርኛ ተሻገረ፣ ሠዓሊውም ስሙን ጻፈ። ይህ በእውነቱ ኢትዮጵያዊ ኮሚክስ ለመባል አንድ እርምጃ ብቻ የቀረው ሥራ ነበር፤ የቀረውም እንደ ጋዜጣ ታትሞ በሰፊው ሕዝብ እጅ መግባት ነው።

የባዕድ ምስክርነት

የሁለቱን ጥበቦች ኃይል ከእኛ ይልቅ ባዕዳን ፈጥነው የተረዱበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያው ጉዳይ የሥዕል ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ያዳኑት ንቦች ናቸው የሚለው ትውፊት እስከ ዛሬ ይተረካል። ከጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የሆኑ የመላእክት ፊቶች አሁንም ቁልቁል ያያሉ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ልዑክ ጎንደር ሲደርስ፣ ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ አዳዲስ ሥዕሎችን ሠርቶ እንዲተካ ተደረገና የጥንቶቹ ተነቅለው ፓሪስ ሄዱ። የጎንደር ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ መሆኑ ለመንቀል አመቸ። ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከተዘረፉት ብራናዎች ጋር ሲደመር፣ ከጎንደር የሥዕል መጻሕፍት ብዙዎቹን ለማንበብ የጎንደር ልጅ ባሕር መሻገር አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቃል ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለና እልቂቱ ከተፈጸመ በኋላ፣ ግራዚያኒ መጋቢት 10 ቀን ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም በከተማውና በአካባቢው ያሉ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና አዝማሪዎች በጥይት እንዲገደሉ ማዘዙን፣ እስከዚያ ቀንም 70 መገደላቸውን አስታወቀ። ታንክና መርዝ ጋዝ የያዘ መንግሥት አንድ አውታር ያለው መሣሪያ ፈራ።

በዚህ ቴሌግራም ውስጥ አንድ ቃል ልብ ልንለው ይገባል። ግራዚያኒ አዝማሪዎችን የጠራበት ቃል «ካንታስቶሪዬ» የሚል ነው። በኢጣልያ፣ በተለይ በሲሲሊ፣ ካንታስቶሪዬ ማለት በአራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ የሥዕል ሰሌዳ በአደባባይ ተክሎ፣ ሥዕሎቹን በበትር እየጠቆመ፣ በጊታር ታሪኩን የሚዘፍን የድኾች ዘፋኝ ነው። ሥዕሉና ዜማው በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበት ሙያ ነው ማለት ነው። ገዳዩ በገዛ ሀገሩ ቋንቋ ለአዝማሪው የሰጠው ስም፣ እኛ በማዕረግ ግንብ የለየናቸውን ሁለቱን ጥበቦች በአንድነት ይዟል። ወራሪው ይህን አስቦ አልጻፈውም፤ ሆኖም ታሪክ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ከጠላትም እጅ ይቀበላል።

የዛሬው ትውልድ

ዛሬ ግንቡ ፈርሷል ማለት ይቻላል፤ ፍርስራሹን ተሻግሮ የሚገናኘው ግን ገና ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል ራፕን በአማርኛ አስለመዱ። በሲያትል ከኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የተወለደው ጋብሪኤል ቴዎድሮስ በእንግሊዝኛ የስደተኛውን ልጅ ኑሮ ይናገራል። ከጎንደር ዙሪያና ከሰሜን ተራሮች መንደሮች የተነሡት ቤተ እስራኤላውያን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በኦፕሬሽን ሙሴና፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ያህል በተጓዙበት በ1991 በኦፕሬሽን ሰለሞን እስራኤል ገቡ። ከልጆቻቸው ትውልድ መካከል በሂፕ ሆፕ የታወቁ ወጣቶች ተነሥተዋል። በሬሖቮት ያደጉት የአጎት ልጆች «ካፌ ሻሖር ሐዛቅ» ማለት «ጠንካራ ጥቁር ቡና» የሚል ስም ለቡድናቸው አውጥተው በዕብራይስጥ ይዘፍናሉ። ስሙ ብቻውን ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ እናት ቤት ሁለት ነገር ይናገራል። ሰምና ወርቅ ቋንቋ ቢለውጥም አገር ለቆ አይቀርም።

በሥዕሉም በኩል ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል ታሪክ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አወጣ። ባለ ታሪኩ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ሱፐርማንን የፈጠሩት የስደተኛ ልጆች ያዩትን ሕልም እርሱም በራሱ ከተማ ያያል። ኢታን ኮሚክስ ቀጥሎ «ሐዊ» በተባለው ሥራ ሴት ጀግና አቀረበ። እነዚህ ሥራዎች በር ከፋች ናቸው። በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ የሚገባው ግን ማንሃተን ብቻ መሆን የለበትም። ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን የሚለይበት ሕግ፣ «ዘከመ» የሚለው የትረካ ቃል፣ በሰው ቁመት የሚለካው ጥቅልል፣ ለአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ የሚያበረክቱት የራሳቸው ሰዋስው አላቸው። «ተቀበል» የሚለው ጥሪም ለአማርኛ ራፕ እንዲሁ ነው።

ከዚህ ላይ ለመምህራንና ለባህል ሠራተኞች የሚቀሩ ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው መመዝገብ ነው። አዝማሪው ሲሞት ግጥሙ ብቻ ሳይሆን የግጥም አወጣጥ ዘዴውም አብሮት ይቀበራል፤ የሠዓሊው ግድግዳ ግን ጣሪያው ካፈሰሰ በአንድ ክረምት ይጠፋል። ሁለተኛው ማስተማር ነው። ተማሪ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕል ለጉብኝት አይቶ ከሚመለስ፣ የአንዱን ግድግዳ ትዕይንቶች በየተራ ቆጥሮ፣ በራሱ አማርኛ «እንዲህ እንዳደረገ» እያለ ጽፎ፣ በራሱ መንደር ታሪክ ላይ አዲስ መደዳ ቢሥል የበለጠ ይማራል። ከጎኑ ያለው ልጅ ደግሞ ሥዕሉን ተቀብሎ በዜማ ቢናገረው፣ ደብተራውና አዝማሪው ለዘመናት ያልተቀመጡበትን አንድ ወንበር ሁለት ተማሪዎች ተቀመጡበት ማለት ነው። ሦስተኛው ስም መስጠት ነው። ሠዓሊው ስሙን ይጻፍ፤ አዝማሪው በስሙ ይጠራ፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃልም ከስድብ መዝገብ ወጥቶ ወደ ሙያ መዝገብ ይመለስ።

ኮሚክስና ሂፕ ሆፕ በብሮንክስ የተገናኙት ማንም ስላስተዋወቃቸው አይደለም፤ የሚለያያቸው ቅጥር ስላልነበረ ነው። በጎንደር ቅጥሩ ነበረ፤ ሥዕሉን ከእሳት ጠብቆታል፣ ከቃሉም ለይቶታል። ስለዚህ የእኛ ትውልድ ድርሻ ሁለት ነው፤ ጥበቃውን ማጽናትና በሩን መክፈት። አንዱን ያለ ሌላው ብናደርግ ወይ ባዶ ግድግዳ፣ ወይ ድምፅ የሌለው ሥዕል እንወርሳለን።